ድንጋያማ ኮራልን በቤት ገንዳ ቆርጦ ማባዛት፦ ቁራጩ እንዲጸድቅ የሚያስፈልገው

የባሕር ውኃ ገንዳ ካላቸው ወዳጆቼ ዘወትር የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ኮራሌ አድጎ መስተዋቱን ሊነካ ደርሷል፤ ቆርጬ ላባዛው ስሞክር ግን ቁራጮቹ በሳምንት ውስጥ ነጥተው ይሞቱብኛል፤ ምን አጥፍቼ ነው?» አብዛኛውን ጊዜ ጠያቂው በአቆራረጡ ላይ አላጠፋም። ጥፋቱ የሚገኘው ከመቁረጡ በፊት በነበሩት አራት ሳምንታት ወይም ከመቁረጡ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ስለ ጉጠቱ ከሚናገረው ይልቅ ስለ ውኃው የሚናገረው ይበዛል።

በቅድሚያ ቃላቱን እናስተካክል። «ዛጎል» የሚለው ቃል የባሕር ቀንድ አውጣዎችን ቅርፊትም ስለሚያመለክት እንዳያሳስት ትቼ «ኮራል» እላለሁ። ድንጋያማ የሚባሉት ከሥጋቸው ሥር የካልሲየም ካርቦኔት አጽም የሚሠሩት ናቸው። በገበያ በሁለት ተከፍለው ይሸጣሉ፦ እንደ አክሮፖራ፣ ሞንቲፖራና ስታይሎፎራ ያሉት ትንንሽ ፖሊፕ (አፍና ክንዶች ያሉት የኮራሉ አንድ አካል) ያላቸው ሲሆኑ፣ ሃመርና ቶርች የሚባሉት ዩፊሊያዎች፣ ካውላስትሪያና ፋቪያ ደግሞ ትልልቅ ፖሊፕ ያላቸው ናቸው። ከእናት ኮራል ተቆርጦ ለብቻው የሚተከለውን ሻጮች «ፍራግ» ይሉታል፤ እኔ «ቁራጭ» እለዋለሁ። ቆርጠው የማያውቁ ከሆነ በቅጠል መሰሉ ሞንቲፖራ ይጀምሩ፤ በእጅ የሚሰበር፣ ቶሎ የሚያድግና ስሕተትን ከአክሮፖራ የበለጠ የሚታገሥ ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ከማይዝግ ብረት የተሠራ አጥንት መቁረጫ ጉጠት። የሽቦ መቁረጫ አይተካውም፤ አጽሙን ከመቁረጥ ይልቅ ይፈጨዋል።
- ጄል የሆነ ሱፐር ግሉ። ፈሳሹ ዓይነት ወርዶ ሥጋውን ስለሚሸፍን አይሆንም።
- ቁራጩ የሚተከልበት ትንሽ የሴራሚክ መቆሚያ፣ ሻጮች «ፕለግ» የሚሉት፣ እና መቆሚያዎቹን በገንዳው ውስጥ የሚይዝ መደርደሪያ።
- ሦስት ሳህኖች፣ ለምግብ ሥራ ፈጽሞ የማይመለሱ።
- ለኮራል ማጠቢያነት የተዘጋጀ መድኃኒት፣ በተለምዶ «ዲፕ» የሚባለው።
- ረጅም የጎማ ጓንት፣ ዙሪያውን የሚገጥም የዓይን መከላከያ መነጽር፣ የወረቀት ፎጣ፣ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽና ውኃ መርጫ ፒፔት።
- የአልካሊኒቲ (ውኃው የያዘው የካርቦኔት መጠን)፣ የካልሲየም፣ የማግኒዥየም፣ የናይትሬትና የፎስፌት መመርመሪያዎች፣ እንዲሁም የጨዋማነት መለኪያው ሪፍራክቶሜትር።
- ግራምን በአንድ አሥረኛ የሚለይ ትንሽ ሚዛን።

ብርቱ ማስጠንቀቂያ

በኮራልዎ ድንጋይ ላይ ዞአንቲድ ወይም ፓሊቶአ የሚባሉት፣ እንደ ትንንሽ አበቦች ተጠጋግተው የሚበቅሉት ለስላሳ እንስሳት ካሉ፣ ከነርሱ ጋር የተያያዘውን ድንጋይ አይቁረጡ፣ በብሩሽም አይፈትጉ። አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የተባለ እጅግ ኃይለኛ መርዝ አላቸው፤ ሲቆረጡ የሚረጩት ፈሳሽ ዓይን ወይም የቆዳ ቁስል ውስጥ ከገባ ከባድ ጉዳት ያደርሳል። እንዲህ ያለውን ድንጋይ ለማጽዳት ብሎ መቀቀል ከሁሉ የከፋ ነው፤ መርዙ ከእንፋሎቱ ጋር ወጥቶ ቤተሰቡን በሙሉ ሊያሳምም ይችላል። ከሥራው በኋላ በአፍዎ ውስጥ የብረት የመሰለ ምሬት፣ ትኩሳት፣ የጡንቻ ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ከተሰማዎ ድንገተኛ ሕክምና ወደሚሰጥበት ቦታ ይሂዱ፤ ምን ሲነኩ እንደነበርም ለሐኪሙ ይናገሩ። እጅዎ ላይ ቁስል ካለ ሥራውን ለሌላ ቀን ያቆዩ። ከገንዳው የሚወጣ የኤሌክትሪክ ገመድ ሁሉ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ እንዲንጠለጠል ያድርጉ፤ በገመዱ ላይ የሚወርድ ውኃ ሶኬቱ ሳይደርስ ወለል ላይ ይንጠባጠባል።

ውኃው አራት ሳምንት ሳይዋዥቅ ካልቆየ ጉጠቱን አያንሱ

ልኬቶቹ እነዚህ ናቸው፦ ሙቀት ከ25 እስከ 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፤ ጨዋማነት ከሺህ 35፤ አልካሊኒቲ ከ8 እስከ 9 ዲኬኤች (የአልካሊኒቲ መለኪያ አሃድ)፤ ካልሲየም በሊትር ከ400 እስከ 450 ሚሊግራም፤ ማግኒዥየም ከ1,250 እስከ 1,350 ሚሊግራም፤ ናይትሬት ከ2 እስከ 10 ሚሊግራም፤ ፎስፌት ከ0.03 እስከ 0.1 ሚሊግራም። ሪፍራክቶሜትርዎን የሚያስተካክሉት ጨዋማነቱ 35 በሆነ መለኪያ ፈሳሽ ይሁን እንጂ በተራ ውኃ አይሁን፤ ዜሮ ላይ ትክክል የሆነ መሣሪያ 35 ላይ ሊስት ይችላል።

ከእነዚህ ሁሉ በየቀኑ መለካት ያለብዎ አልካሊኒቲን ነው። ምክንያቱም ኮራሉ አጽም ሲሠራ አልካሊኒቲንና ካልሲየምን በተወሰነ ምጣኔ ይወስዳል፤ አልካሊኒቲ በ1 ዲኬኤች ሲወርድ ካልሲየም የሚወርደው በሊትር 7 ሚሊግራም ያህል ብቻ ነው። ከ8 አንድ መጉደል ትልቅ ለውጥ ነው፤ ከ420 ሰባት መጉደል ግን በቤት መመርመሪያ ላይ በቅጡ አይታይም። ካልሲየሙን እያዩ «ሁሉም ደኅና ነው» የሚሉ ሰዎች ኮራላቸው ማደጉን ለምን እንዳቆመ የማይገባቸው ከዚህ የተነሣ ነው። ማግኒዥየም ደግሞ በጣም ከወረደ ካልሲየሙና ካርቦኔቱ ኮራሉ ጋ ሳይደርሱ በፓምፑና በማሞቂያው ላይ ኖራ ሆነው ይጋገራሉ።

የወረደውን አልካሊኒቲ ለመመለስ ንጹሕ ሶዲየም ቢካርቦኔት፣ ማለትም ቤኪንግ ሶዳ፣ ይበቃል። ቤኪንግ ፓውደር ግን ስታርችና አሲድ ስላለበት ፈጽሞ አይገባም፤ ሁለቱ በመደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ ጽሑፉን ሁለት ጊዜ ያንብቡ። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 3 ግራም ሶዳ የ100 ሊትር ውኃን አልካሊኒቲ በ1 ዲኬኤች ያህል ከፍ ያደርጋል። 200 ሊትር ውኃ ላለው ገንዳ በቀን 3 ግራም ከጨመሩ በግማሽ ዲኬኤች ይወጣል፤ ከዚህ አይበልጡ። ድንጋዩና አሸዋው የያዙትን ቦታ መቀነስዎን አይርሱ፤ «200 ሊትር» ተብሎ የተሸጠ ገንዳ ብዙ ጊዜ ያን ያህል ውኃ የለውም። ሶዳውን በተጣራ ውኃ በሚገባ አሟሙተው፣ ውኃው በብርቱ በሚንቀሳቀስበት ቦታ ቀስ እያሉ ያፍስሱ። ካልሲየም መጨመር ካስፈለገ ቢያንስ ከግማሽ ሰዓት በኋላ በሌላ ቦታ ይጨምሩ፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ከተገናኙ ውኃው እንደ ወተት ይነጣል።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ራሴ ስለተቀጣሁበት ነው። አንድ ምሽት አልካሊኒቲው 7 ሆኖ ሳገኘው ደንግጬ ለሦስት ቀን የሚሆነውን ሶዳ አንድ ላይ ጨመርኩ። በማግሥቱ ልኬቱ «ትክክል» ነበር፤ በአምስተኛው ቀን ግን የአክሮፖራዬ ጫፎች በሙሉ፣ ልክ በኖራ የተነከሩ ይመስል፣ ከጥፍር ያነሰ ቁመት ያህል ነጡ። ሥጋው ተመልሶ እስኪሸፍናቸው ሁለት ወር ፈጀ። ኮራል 7.5 ላይ ረግቶ ቢኖር፣ በ7 እና በ9 መካከል ከሚዋዥቅ ይልቅ ይሻለዋል።

የቧንቧ ውኃን በቀጥታ አይጠቀሙ። በሪቨርስ ኦስሞሲስ (ውኃን በስስ ሽፋን ገፍቶ የሚያጣራ) እና በዲአዮናይዘር (የቀሩትን የሟሙ ጨዎች የሚለቅም ማጣሪያ) የተጣራ፣ በቲዲኤስ መለኪያ (በውኃ የሟሙ ነገሮችን መጠን በሚያሳየው) ዜሮ የሚያሳይ ውኃ ያስፈልጋል። በተለይ በዋሽንግተን ዲሲና በአርሊንግተን የምትኖሩ ልብ በሉ፦ የቧንቧው ውኃ ዓመቱን አብዛኛውን የሚታከመው በክሎራሚን፣ ማለትም ከክሎሪንና ከአሞኒያ በተሠራ ጀርም ማጥፊያ፣ ነው። ክሎራሚን እንደ ክሎሪን በተራ የካርቦን ማጣሪያ ቶሎ አይወገድም፤ ሲፈርስም አሞኒያ ይለቃል፤ ስለዚህ ለክሎራሚን የተሠራ ካርቦን ከፊት፣ ዲአዮናይዘር ደግሞ ከኋላ ያስፈልግዎታል። ከገንዳው በትነት የጎደለውንም በዚሁ ጨው አልባ ውኃ ይሙሉ፤ የሚተንነው ውኃው ብቻ ነውና ጨዋማ ውኃ ቢጨምሩበት ጨዋማነቱ በየቀኑ ይወጣል።

እናት ኮራሏ ለመቆረጥ ደርሳለች?

ወደ ገንዳዎ ከገባች ቢያንስ ሦስት ወር ሊሆናትና ማደጓም በዓይን ሊታይ ይገባል። እያደገ ያለ ቅጠል መሰል ሞንቲፖራ ዳር ዳሩ ላይ ቀጭን ነጣ ያለ ጠርዝ አለው፤ አክሮፖራ ደግሞ የቅርንጫፉ ጫፍ ከቀረው አካሉ ፈዘዝ ይላል። ይህ ምልክት ከሌለ አጽም መሥራቱን አቁሟል ማለት ነውና ቁስሉን ለመሸፈንም አቅም ያንሰዋል። መብራት በቀየሩበት፣ የጨው ዓይነት በለወጡበት ወይም አዲስ ዓሣ ባስገቡበት ሳምንት አይቁረጡ፤ ቁራጩ ቢሞት ምክንያቱን መለየት አይችሉም።

አሠራሩ

1. በዋዜማው አሥር ሊትር ያህል አዲስ የጨው ውኃ አዘጋጅተው ሙቀቱንና ጨዋማነቱን ከገንዳው ጋር ያመሳስሉ። ከሥራው በኋላ የሚወጣውን ውኃ የሚተካ ነው።

2. መደርደሪያውን በገንዳው ውስጥ አስቀድመው ይግጠሙ። ቁራጩ በእጅዎ ሳለ ቦታ መፈለግ የለብዎትም። ቦታው እናት ኮራሏ ካለችበት ጥቂት ዝቅ ያለ፣ ውኃው ግን በደንብ የሚንቀሳቀስበት ይሁን።

3. በሦስቱም ሳህኖች ከገንዳው የተቀዳ ውኃ ይሙሉ፦ አንዱ ለመጀመሪያው እጥበት፣ ሁለተኛው ለመድኃኒቱ፣ ሦስተኛው ለመጨረሻው እጥበት። መድኃኒቱን በዕቃው ላይ በተጻፈው መጠን ያሟሙት፤ «ይበልጥ እንዲሠራ» ብሎ ማብዛት ቁስል ላለው ኮራል ሞት ነው።

4. ይቁረጡ። ቅርንጫፍ ላለው ኮራል ከ2.5 እስከ 3 ሴንቲሜትር የሚሆን ዝንጣፊ ይምረጡ፤ ጉጠቱን ከቅርንጫፉ ሥር አስገብተው በአንድ ጊዜ፣ ሳያመነቱ ይጫኑ። ማመንታት አጽሙን ይሰነጥቀዋል፤ በስንጥቁም ላይ ሥጋው ይሞታል። የአክሮፖራ ቅርንጫፍ የሚረዝመው ጫፉ ላይ ካለው ፖሊፕ ስለሆነ ጫፉ ያልተነካ ቁራጭ ፈጥኖ ያድጋል። ሞንቲፖራን ከዳሩ ጀምረው ሁለት በሁለት ሴንቲሜትር በሚያህል መጠን በጣትዎ ይስበሩት። ከዚህ ያነሰ ቁራጭ አይጸድቅም ማለት አይደለም፤ ከቁስሉ ጋር ሲመዛዘን ጤነኛ ሥጋው ስለሚያንስ ግን ለጀማሪ አይመከርም። በአንድ ቀን ከእናቲቱ ከሲሶው በላይ አይውሰዱ።

5. የተቆረጠውን ወዲያው በመጀመሪያው ሳህን ያለቅልቁ። አክሮፖራ ሲቆረጥ እንደ ተልባ ውኃ የሚጎተት ዝልግልግ ያወጣል፤ ይህ በሥጋው ላይ ከቀረ ያፍነዋል፣ ወደ ገንዳው ከገባም ሌሎቹን ያስቆጣል። በፒፔት ውኃ እየረጩ ዝልግልጉ እስኪቆም ያጠቡት።

6. መድኃኒቱ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ፣ እንደ መመሪያው ያቆዩት፤ በየደቂቃውም በፒፔት ይርጩበት። ከዚያ ሳህኑን በብርሃን ሥር ይመልከቱ። ሞንቲፖራን የሚበላው ኑዲብራንክ (ቅርፊት አልባ የባሕር ቀንድ አውጣ) ጥቂት ሚሊሜትር የሚያህል ነጭ ነው፤ አክሮፖራን የሚበላው ጠፍጣፋ ትል ደግሞ የኮራሉን ቀለም ስለሚመስል የሚታየው ከወደቀ በኋላ ነው። መድኃኒቱ ዕንቁላላቸውን አይገድልም፤ ስለዚህ የቁራጩን የታች ገጽ አገላብጠው ዕንቁላል ካገኙ ያለበትን ቦታ ቆርጠው ይጣሉት። ከሌላ ሰው የመጣ ኮራል ከሆነ አጠባውን በየሳምንቱ ለአራት ሳምንት በተለየ ገንዳ ይድገሙት። የሳህኑን ውኃ ወደ ገንዳው በጭራሽ አይመልሱ።

7. በሦስተኛው ሳህን ያለቅልቁ።

8. ይለጥፉ። የቁራጩን የተቆረጠ ግርጌ በወረቀት ፎጣ ብቻ ነካ አድርገው ያድርቁ። በመቆሚያው ላይ የሽምብራ ፍሬ የሚያህል ጄል አድርገው ቁራጩን አቁመው ይጫኑ፤ አሥር ሰከንድ ይዘው ውኃ ውስጥ ይንከሩት። ሱፐር ግሉ የሚደርቀው በርጥበት ስለሆነ ውኃው ያጠነክረዋል። እዚህ ላይ የሚታለፍ ትንሽ ነገር አለ፦ ጄሉ የሥጋውን የታች ጠርዝ ጥቂት መንካት አለበት። በሥጋውና በሙጫው መካከል ባዶ አጽም ከቀረ በዚያ ላይ አልጌ ቀድሞ ይበቅላል፣ ሥጋውም ወደ መቆሚያው መውረድ አይችልም። ጄሉ ጣትዎን ካጣበቀው አይጎትቱ፤ በሞቀ የሳሙና ውኃ ያላቁት።

9. በመደርደሪያው ላይ፣ በቁራጮቹ መካከል ቢያንስ አምስት ሴንቲሜትር ትተው ያስቀምጡ። የዝርያውን ስምና ቀኑን ይጻፉ፤ ከሦስት ወር በኋላ አያስታውሱትም። ማጣሪያው ውስጥ አዲስ አክቲቬትድ ካርቦን ያስገቡና በዋዜማው ያዘጋጁትን ውኃ ይቀይሩ።

10. ለሁለት ሳምንት ይተዉት። በዚህ ጊዜ ሥራዎ አልካሊኒቲን መለካት፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ በፒፔት ቆሻሻውን ማራገፍና የወደቀ ቁራጭ ካለ ማንሳት ብቻ ነው። ቀንድ አውጣና ሸርጣን ሌሊት ይጥሏቸዋልና ጠዋት ጠዋት ይቁጠሯቸው። ቦታ መቀያየር፣ አውጥቶ ማየት፣ «ትንሽ ብርሃን ልጨምርለት» ማለት ሁሉ ይቆይ።

ለብርሃን መለኪያ ካገኙ ለሞንቲፖራ ከ100 እስከ 200 ፓር (አልጌ ሊጠቀምበት የሚችለው ብርሃን መጠን)፣ ለአክሮፖራ ከ200 እስከ 350፣ ለዩፊሊያ ከ80 እስከ 150 መልካም ነው። ከሥጋው ውስጥ የሚኖሩት ጥቃቅን አልጌዎች ኮራሉን የሚመግቡት በዚህ ብርሃን ስለሆነ ቁራጩን ጨለማ ጥግ «እንዲያርፍ» ማኖር ማስራብ ነው፤ የቆሰለውንም በድንገት ከፍተኛ ብርሃን ሥር ማድረግ ያነጣዋል።

ሃመርና ቶርች የሚቆረጡት በሌላ መንገድ ነው

ቅርንጫፍ ያለው ዩፊሊያ እያንዳንዱ ራስ በራሱ ግንድ ላይ ይቆማል። ሥጋው ያለው ከላይ ብቻ ሲሆን ግንዱ ባዶ አጽም ነው፤ ስለዚህ በትክክል ከተቆረጠ ምንም ቁስል አይኖረውም። በመጀመሪያ ውኃ ውስጥ እንዳለ በቀስታ ነካ ነካ አድርገው ፖሊፑ ሙሉ በሙሉ እስኪሰበሰብ ይጠብቁ። ከዚያ ከሥጋው የታች ጠርዝ ቢያንስ 2.5 ሴንቲሜትር ዝቅ ብለው ግንዱን ይቁረጡ። ጉጠቱ ግንዱን ሲጨምቀው ስንጥቁ ወደ ላይ ሊሄድ ይችላል፤ ርቀቱ የተተወው ለዚህ ነው።

ሁለት አፍ ታየ ማለት ሁለት ራስ አለ ማለት አይደለም። ከሥር ሲያዩት አጽሙ ራሱ ለሁለት ተከፍሎ በመካከሉ ክፍተት ካልታየ፣ ገና እየተከፈለ ነውና ይተዉት። እንደ ግድግዳ የተያያዘው ሃመር ደግሞ ሥጋው ስለማይለያይ ያለ አልማዝ መጋዝ አይቆረጥም፤ በመጋዝም ቢሆን ብዙ ጊዜ ይሞታል፤ ለጀማሪ አልመክረውም። ዩፊሊያ ሌሊት ረጃጅም ክንዶቹን ዘርግቶ ጎረቤቱን ስለሚናደፍ ከሌሎች 15 ሴንቲሜትር ያርቁት። በራሱ ላይ ቡናማ ዝልግልግ ካዩ ፓምፑን አጥፍተው ዝልግልጉን በቱቦ ስበው ያውጡ፣ ራሱንም ወዲያው ከሌሎቹ ይለዩት፤ በሽታው ከራስ ወደ ራስ በቀናት ውስጥ ይዛመታል።

ብዙ ጊዜ የሚፈጸሙ ስሕተቶች በምልክታቸው

ጫፉ ብቻ ከነጣ አልካሊኒቲው በድንገት ከፍ ብሏል፣ ወይም ናይትሬቱና ፎስፌቱ ዜሮ ሆነው ሳለ አልካሊኒቲው ከ9 በላይ ነው። ከግርጌው ጀምሮ ሥጋው እየተላጠ ከሆነ የልኬት መዋዠቅን ወይም ተባይን ይጠርጥሩ፤ የተላጠው ክፍል እየገፋ ከመጣ ጤነኛውን ጫፍ ሕያው ሥጋው ላይ ቆርጠው እንደገና ይትከሉት። መላው ቁራጭ ቡናማ ከሆነ ግን አልሞተም፤ ብርሃን አንሶታል ወይም ፎስፌቱ በዝቷል፤ ተነቅሎ መጣል የለበትም። ቀለሙ ፈዝዞ ፖሊፑ ግን ካበጠ ውኃው ከመጠን በላይ ንጹሕ ስለሆነ ለዓሦቹ ጥቂት ምግብ ይጨምሩ። ብዙ ሰው የሚሠራው ስሕተት ደግሞ እነዚህን ሁሉ በአንድ ቀን ለማስተካከል መሞከር ነው፤ በሳምንት አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ።

ቁራጩን ለሌላ ሰው የሚሰጡት መቼ ነው?

ሥጋው ከግርጌው ወርዶ በመቆሚያው ላይ መንጠፍ ሲጀምር ጸድቋል። ይህም እንደ ዝርያው ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ይወስዳል። ገና በሙጫ ብቻ የቆመ ቁራጭ ከሰጡ በመንገድ ላይ ቢወድቅ ሥጋው ይላጣል። ሲልኩት እያንዳንዱን ለብቻው በገንዳው ውኃ በተሞላ ክዳን ባለው ጠርሙስ፣ ጠርሙሶቹን ደግሞ ሙቀት በሚጠብቅ ሣጥን ውስጥ ያድርጉ፤ በበጋ የቆመ መኪና ውስጥ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይተዉት። ተቀባዩ ጨዋማነቱንና አልካሊኒቲውን አስቀድሞ ይንገርዎ፤ ልዩነቱ ከ1 ዲኬኤች በላይ ከሆነ ገንዳውን አስተካክሎ እስኪጨርስ ቁራጩ እርስዎ ዘንድ ይቆይ። ወደ ሌላ አገር ይዘው ለመሄድ ካሰቡ ግን ድንጋያማ ኮራሎች በሙሉ ለጥፋት የተጋለጡ ዝርያዎችን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ የሳይተስ ስምምነት ሁለተኛ አባሪ የተመዘገቡ በመሆናቸው፣ በቤትዎ ያደገ ቁራጭ ቢሆንም የመውጫ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ የመድረሻው አገርም የራሱን ፈቃድ ሊጠይቅ ስለሚችል ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ይጠይቁ።